ስለ አዲሱ የካሜራ ሦስት እግር፤ በገዳሪፍና በጠረፉ አገር ያለው ጥቅምና ጕድለት

ካሜራ በኪስ በሚያዝበትና ማንም ሰው በስልኩ ፎቶግራፍ በሚያነሣበት በዚህ ዘመን፣ ስለ ካሜራ መቆሚያ ሙሉ ዐምድ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ትርፍ ድካም መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በከሰላና በገዳሪፍ፣ በዶካም በኩል አልፎ እስከ ጋላባትና መተማ ባለው ጠረፍ ሥራቸውን የሚያካሂዱ ሹማምንትና ነጋዴዎች ይዋል ይደር እንጂ ይህ ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። ሲገዙም ብዙውን ጊዜ የሚመሩት በሻጩ ወረቀት ላይ በተጻፈው ቍጥር ነው። ቍጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም የተለካው በገዳሪፍ አፈር ላይ አይደለም።

ዕቃው ጣልያኖች ካቫሌቶ፣ ዐረቦች ሓሚል የሚሉት፣ እኛም በአጭሩ ሦስት እግር ብንለው የሚስማማው የካሜራ መቆሚያ ነው። ጥቅሙ ፎቶግራፍ አንሺውን ከድካም ማዳን ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ብርሃን በበሩ ብቻ በሚገባበት የእህል መጋዘን ውስጥ የካሜራው መዝጊያ ግማሽ ሰከንድ ያህል ተከፍቶ እንዲቈይ ግድ ይሆናል፤ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ የማይንቀጠቀጥ የሰው እጅ የለም። ነጋዴው የገዳሪፍን ነጭ ሰሊጥ ወይም የሁመራን ሰሊጥ ናሙና ባሕር ማዶ ላለ ገዢ በሥዕል ሲያሳይ፣ ፍሬው ከገለባውና ከአፈሩ ተለይቶ ካልታየ ሥዕሉን ባይልከው ይሻለው ነበር፤ ገዢው የሚጠራጠረው ፎቶግራፍ አንሺውን ሳይሆን ሰሊጡን ነውና። ሹሙም በበኩሉ ያረጀ የመዝገብ ገጽ ሲገለብጥ፣ ጎርፍ ያፈረሰውን ድልድይ ለበላይ መሥሪያ ቤት ሲያስታውቅ፣ ወይም አንድን የእርሻ ቦታ በሰኔና በጥቅምት ከዚያው ስፍራ ላይ ሆኖ ደግሞ ሲያነሣ፣ ምስክር አድርጎ የሚያቀርበው ሥዕል ከደበዘዘ ምስክርነቱም ይወድቃል። የዛሬ ካሜራዎች የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርም መሣሪያ በውስጣቸው እንዳላቸው እናውቃለን። ይሁንና ያ መሣሪያ ካሜራውን በአንድ ቁመትና በአንድ ስፍራ መቶ ጊዜ ሊያቆመው አይችልም።

ስለ አዲሶቹ ሦስት እግሮች በተነገረ ቍጥር ስሙ የሚነሣው ፒክ ዲዛይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2011 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2019) ለገበያ ያቀረበው የመንገደኛ መቆሚያ ነው። ኩባንያው ዕቃው ተሠርቶ ከመውጣቱ አስቀድሞ ገዢዎች ገንዘብ በሚያዋጡበት፣ ኪክስታርተር በሚባለው መንገድ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል፤ ይህም ለሦስት ዘንጎች የተከፈለ ሲሆን የሚያስገርም ገንዘብ ነው። መቆሚያው በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ አንዱ ከአሉሚንዮም፣ ሁለተኛው በሙጫ ከተጣበቀ የካርቦን ክር። የካርቦኑ ክብደት ካሜራውን የሚይዘው ራስ ጭምር 1.27 ኪሎ፣ የአሉሚንዮሙ 1.56 ኪሎ ነው። ሲታጠፍ ርዝመቱ 39 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መካከለኛው ዐምድ ተነሥቶ ሲዘረጋ ደግሞ ወደ 152 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የኩባንያው ወረቀት 9 ኪሎ ያህል ይሸከማል ይላል። በወጣበት ጊዜ የአሉሚንዮሙ ዋጋ ወደ 350፣ የካርቦኑ ወደ 600 የአሜሪካ ዶላር ነበር።

እንዲህ የቀጠነበት ዘዴ ብልኅነት ያለበት ነው። በተለመደው መቆሚያ ሦስቱ እግሮችና መካከለኛው ዐምድ ድቡልቡል ቱቦዎች በመሆናቸው ሲታጠፉ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል፤ መንገደኛው በሻንጣው ውስጥ አየር ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። በአዲሱ ግን እግሮቹና ዐምዱ አንዱ በሌላው ጎን እንዲገጥም ተደርገው ስለ ተቀረጹ ክፍተቱ ጠፍቷል።

ይህ ጥቅም በጠረፉ አገር በእውነት ጥቅም ነው። ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት ያለው መንገድ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በሕዝብ መኪና የሚሄድ ሰው ረጅም መቆሚያ ይዞ ቢመጣ ዕቃው ከጆንያውና ከጀሪካኑ ጋራ በጣሪያ ላይ ይታሰራል፤ ሲወርድም ምን ሆኖ እንደሚወርድ ማንም አያውቅም። አዲሱ ግን በባለቤቱ ጕልበት ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጥቅም የሚገኘው ከካርቦኑ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ የአሉሚንዮም እግር ለእጅ አይመችም፤ የካርቦን ክር ግን ሙቀቱን ቶሎ ወደ እጅ አያሳልፍም። መንቀጥቀጥንም ከአሉሚንዮም ይልቅ ቶሎ ያበርዳል ይባላል፤ ልዩነቱን በዐይን ለማየት ግን ረጅም ሌንስና ትዕግሥተኛ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ለካርቦኑ የሚጨመረው 250 ዶላር በዚህ ምክንያት ብቻ ተገቢ ነው ለማለት አልደፍርም። በሌላ በኩል የካርቦን ቱቦ ከድንጋይ ላይ ወድቆ ቢሰነጠቅ የሚጠግነው ሰው አይገኝም፤ አሉሚንዮም ግን ሲወድቅ ይጎደጕዳል ወይም ይጐብጣል እንጂ በአንድ ጊዜ አይሰበርም፤ ብልኅ ሠራተኛም ጥቂት ሊያቃናው ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው መቆሚያው በሻንጣ ውስጥ ሳለ ስላለው ጠባይ ነው። አሁን እናውጣውና በመሬት ላይ እናቁመው።

የገዳሪፍ ሜዳ ዋልካ ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሠራዊታቸው እህል ለማምረት በ1937 ዓ.ም. ግድም በገደምባሊያ የትራክተር እርሻ ያስጀመሩት፣ ከዚያም ወዲህ ማሽላውና ሰሊጡ አገሩን የሞላው፣ ይኸው ጥቁር አፈር ውሃ ይዞ የሚቈይ በመሆኑ ነው። ለአራሹ በረከት የሆነው ጠባይ ግን ለሦስት እግር መርገም ነው። በበጋ አፈሩ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እጅ የሚያስገባ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነው። በክረምት ደግሞ ያብጥና እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ይሆናል። መሬቱ ለሰው እግር ጠንካራ መስሎ በሚታይበት በመስከረም መጨረሻ እንኳ ከላይ የደረቀው ቅርፊት ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ብቻ ሆኖ ከሥሩ ለስላሳ ነው።

እዚህ ላይ የሚመጣው ጕዳት ድንገተኛ ስላልሆነ ተንኰለኛ ነው። መቆሚያው አይወድቅም። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን አስተካክሎ፣ አድማሱን አቅንቶ፣ ሥራውን ይጀምራል፤ ከሦስቱ እግሮች አንዱ ግን በቀስታ መስጠም ይጀምራል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የተነሣው ሥዕል ከመጀመሪያው ጋራ አይገጥምም፤ አድማሱ ዘምሟል። መዝጊያው ለረጅም ጊዜ የተከፈተ እንደሆነም ሥዕሉ ራሱ ይደበዝዛል፤ ሰውየውም ካሜራውን ይወቅሳል።

በዚህ ረገድ አዲሱ መቆሚያ ሁለት ድክመት አለው። የመጀመሪያው ጫማው ነው። አብሮት የሚመጣው ትንሽ የጎማ ጫማ ለሲሚንቶና ለንጣፍ የታሰበ ነው፤ ለአፈር የሚሆነው ሹል የብረት ጫማ በተለየ ዋጋ የሚገዛ ነው። ሁለተኛው እግሩ አምስት ክፍል መሆኑ ነው። በ39 ሳንቲ ሜትር ታጥፎ 152 ሳንቲ ሜትር ለመድረስ ሌላ መንገድ የለምና፣ እያንዳንዱ ክፍል ከላይኛው እየቀጠነ ይወርዳል። ጭቃው ውስጥ የሚገባው እንግዲህ ከሁሉ የቀጠነው ክፍል ነው። መካከለኛውን ዐምድ ሳያነሡ ቁመቱ 130 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ረጅም ሰው ጐንበስ ማለት ወይም ዐምዱን ማንሣት ይኖርበታል፤ ዐምዱ ሲነሣ ደግሞ ከሦስት እግር ወደ አንድ እግር ተመለስን ማለት ነው፤ ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ካሜራው ይወዛወዛል። ራሱም በነጻነት እንዲዞር ዐምዱ ጥቂት ከፍ ማለት ስላለበት፣ ጨርሶ ሳያነሡ መሥራት የሚቻልበት ጊዜ አነስተኛ ነው።

ለጭቃው የሚሆን መፍትሔ አለ፤ የቆዩ የመሬት ቀያሾችም የሚያውቁት ነው። ለስላሳ መሬት ላይ መሣሪያ የሚያቆም ቀያሽ ሦስት የእንጨት ካስማዎች ወደ መሬት ቀጥቅጦ እግሮቹን በካስማዎቹ ራስ ላይ ያሳርፋል። ለፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ባያስፈልግም፣ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ሦስት የጣውላ ቍራጮች በሻንጣው ቢያዙ ከማናቸውም ውድ ጫማ ይልቅ ይጠቅማሉ። ሌላም ልማድ መለወጥ ያስፈልጋል። በደረቅ መሬት ላይ የሚመከረው ወፍራሞቹን የላይ ክፍሎች አስቀድሞ መዘርጋት፣ ቀጭኑን ለመጨረሻ ማቈየት ነው። በጭቃ ግን የታችኛውን ክፍል አስቀድሞ መሳብ ይገባል፤ መጋጠሚያው ከጭቃው በላይ እንዲቀርና ጭቃ እንዳይጠጣ።

መጋጠሚያዎቹን ካነሣን ስለ አቧራው መናገር አለብን። ከክረምቱ አስቀድሞ ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲመጣ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። አምስት ክፍል ያለው እግር አራት መጋጠሚያ አለው፤ ሦስቱ እግሮች ሲደመሩ 12 ይሆናሉ። ሦስት ክፍል ያለው መቆሚያ ግን 6 ብቻ አለው። ይህን ቀላል የሒሳብ ልዩነት በሻጩ ወረቀት ላይ አላየሁትም፤ በዚህ አገር ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚታሰብ ቍጥር ነው። ለአዲሱ መቆሚያ ምስጋና የሚገባው መጋጠሚያዎቹ እንደ ምላስ በሚከፈትና በሚዘጋ ማጥበቂያ የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ ተከፍቶ ወይም ተዘግቶ መሆኑ ከሩቅ ይታያል፤ አቧራውም በጨርቅ ይጠረጋል። እየጠመዘዙ የሚያጠብቁት ዓይነት ግን ጥርሱ ውስጥ ቅባት ስላለው አቧራውን እንደ ማር ይይዘዋል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ሲጠመዘዝ የሚሰማው ድምፅ የወፍጮ ድምፅ ነው። የምላሱ ጕድለት በጊዜ ብዛት ብሎኑ መላላቱ ነው፤ ስለዚህም እየተመለሱ ማጥበቅ ያሻል።

ለማነጻጸር እንዲመች አንድ የቈየ ዓይነት ሦስት እግር እናምጣ። ራሱ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ሊኖ ማንፍሮቶ በሰሜን ኢጣልያ በባሳኖ ዴል ግራፓ የመሠረተው ፋብሪካ የመጀመሪያውን መቆሚያ ያወጣው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ነው። ከዚሁ ፋብሪካ የሚወጣው 055 የተባለው የአሉሚንዮም መቆሚያ ባለ ሦስት ክፍሉ 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ራሱ ለብቻው ስለሚገዛ በድምሩ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ሲታጠፍ 61 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሰው ጕልበት ላይ አይቀመጥም። ነገር ግን ዐምዱን ሳያነሡ 140፣ አንሥተው 170 ሳንቲ ሜትር ይቆማል፤ የታችኛው እግሩም ወፍራም ነው። ከሁሉ ይልቅ ለመሥሪያ ቤት የሚጠቅመው ግን ዐምዱ ወደ ጎን ተጋድሞ የሚወጣ መሆኑ ነው፤ ካሜራው ከጠረጴዛው በላይ ተንጠልጥሎ ቀጥታ ወደ ታች ስለሚያይ፣ መዝገብና ደብዳቤ የሚገለብጥ ጸሐፊ የእግሮቹ ጥላ ሳያስቸግረው ገጹን ሁሉ ያነሣል። አዲሱ ቀጭን መቆሚያ ይህን ማድረግ አይችልም።

አሁን የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገን የመሸከም ኀይላቸውን እንይ። የአንደኛው ወረቀት 9 ኪሎ ያህል ይላል፤ የሁለተኛውም ወረቀት 9 ኪሎ ይላል። 1.27 ኪሎ የሚመዝነውና ከራሱ ጋራ 3 ኪሎ የሚሆነው እኩል ናቸው ማለት ነውን? በመሸከም ረገድ ሊሆን ይችላል፤ በመጽናት ረገድ ግን አይደለም። መቆሚያ ሠሪዎች ሁሉ የሚስማሙበት የጋራ መለኪያ ስለሌለ ያ ቍጥር የሚነግረን ዕቃው እንደማይሰበር ብቻ ነው። አህያም ኵንታል ተሸክማ ትቆማለች፤ ጆሮዋን ግን አታቆምም። ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚገዛ ሹም ዋጋ ለማወዳደር ሲነሣ ይህን አንድ መሥመር ከወረቀቱ ላይ ቢሰርዘው ይሻላል።

ለነፋሱ ሁለቱም በመካከለኛው ዐምድ ሥር ሻንጣ ማንጠልጠል ይጠቅማቸዋል፤ ነገር ግን በአየር የተንጠለጠለ ሻንጣ ራሱ እየተወዛወዘ ካሜራውን ያወዛውዛልና፣ ጫፉ መሬት እንዲነካ ማድረግ ነው። ረፋዱ ካለፈ በኋላ ከሜዳው ላይ የሚነሣው የሙቀት ብልጭልጭታ ግን በማንም መቆሚያ አይድንም። ሩቅ ያለውን ነገር ለማንሣት የሚፈልግ ጧት በማለዳ ወይም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይውጣ።

በሻጭ ወረቀት ላይ ፈጽሞ የማይጻፍ ሌላ ጕድለት አለ፤ ይህም የሁሉም ሦስት እግሮች ጕድለት ነው። በዚህ ጠረፍ ሦስት እግር ተክሎ በመነጽር የሚያይ ሰው ፎቶግራፍ አንሺ አይመስልም፤ መሬት ለካኝ ይመስላል። ለዚህም የታሪክ ምክንያት አለው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (15 ሜይ 1902) ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ውል፣ ወሰኑ ከኦምሓጀር ወንዝ ተነሥቶ በጋላባት በኩል ወደ ዓባይና ከዚያም ወደ ደቡብ እንዲወርድ ተስማሙ። ውሉ በመሬት ላይ ምልክት የሚያደርገው የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኮሚሲዮን እንዲሆን ይላል። ይሁን እንጂ በ1895 ዓ.ም. ወሰኑን እየዞረ የለካውና ያመለከተው ሜጀር ቻርልስ ግዊን የተባለው የእንግሊዝ መሐንዲስ መኰንን ነበር፤ የኢትዮጵያ ኮሚሲዮነር አብሮት አልነበረም። ሥራው የጥበብ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ግን የአንድ ወገን መነጽር ያየው ወሰን ነው። በ1964 ዓ.ም. (1972) ሁለቱ መንግሥታት በተለዋወጡት ደብዳቤ የግዊን መሥመር መሠረት ሆኖ ቢታወቅም፣ በአል ፋሽጋ እርሻዎች ላይ ያለው ክርክር ስላላለቀ በ2013 ዓ.ም. የመሣሪያ ግጭት እስከ መሆን ደርሷል።

እንግዲህ በዚህ አገር ያለ አራሽ፣ ከማዶ ይሁን ከወዲህ፣ ማሳው ዳር ሦስት እግር ተተክሎ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የቀያሽና የፎቶግራፍ አንሺ መቆሚያ ለዐዋቂ ሰው የተለያዩ ናቸው። የቀያሹ ወፍራም የእንጨት ወይም የብርጭቆ ክር እግር፣ በእግር ተረግጦ ወደ መሬት የሚገባ የብረት ጫማና አምስት ስምንተኛ ኢንች የሆነ ብሎን አለው፤ የካሜራው ብሎን ግን ሩብ ኢንች ወይም ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው፤ ስለዚህ መካከለኛ መጋጠሚያ ሳይደረግ አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። ይህን ልዩነት ግን ከሦስት መቶ ሜትር ርቆ ማሽላውን የሚጠብቅ ሰው እንዲያውቅ መጠበቅ አይገባም። የጠረፍ ጠባቂ ወታደርም እንዲሁ ነው። በሱዳን ለብዙ ዓመታት ፎቶግራፍ ለማንሣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ካሜራን በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰው ምናልባት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ሦስት እግር ተክሎ የቆመ ግን ከሩቅ እየጠራ ነው። በዚህ ነገር የአዲሱ መቆሚያ ትንሽነት ይጠቅማል የሚል አስተያየት ሰምቻለሁ። እኔ ግን በተቃራኒው አያለሁ፤ ከሻንጣ በድንገት ወጥቶ የሚዘረጋ ጥቁር ዘንግ በጠረፍ ላይ መልካም ነገር አያሳስብም። ከፀጥታ ሹሞችና ከቦታው ሽማግሌዎች ጋራ ሳይነጋገሩ፣ የትኛውም ዓይነት ቢሆን ከቤት ውጭ ባይተከል ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ከዚህ አገር ወጥተው ዓለም ካያቸው ሥዕሎች ብርቱዎቹ በሦስት እግር የተነሡ አይደሉም። በ2017 ዓ.ም. ያረፈው የብራዚል ተወላጅ ሰባስትያዎ ሳልጋዶ በ1977 ዓ.ም. ግድም የረሃቡን ስደተኞች በከሰላ አጠገብ በወድ ሸሪፌ መጠለያ ሲያነሣ በእጅ በሚያዝ ትንሽ ካሜራ ነበር። እውነት ነው፤ መሆንም የሚገባው እንዲሁ ነው። የተራበ ሰው ፊት ሦስት እግር ተክሎ ብርሃን የሚለካ ሰው ማፈር ይገባዋል። ነገር ግን ያው ስደተኛ ሲመዘገብ ሌላ ሥዕል ያስፈልገዋል። ያኔ ስደተኞች ተጠልለውበት የነበረው፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የቈየው ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ በሐምዳይት በኩል ለመጡት ስደተኞች እንደ ገና ሲከፈት፣ ደግሞም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም በተጀመረው ጦርነት ምክንያት የሸሸው ሕዝብ ከፊሉ ገዳሪፍ ሲገባ ከፊሉ በጋላባት አልፎ መተማ ሲደርስ፣ የብዙ ሺህ ሰው ፊት በወረቀት ላይ መስፈር ነበረበት። ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶግራፍ ደግሞ ውበት አይጠየቅም። የሚጠየቀው የመጀመሪያው ሰውና አምስት መቶኛው ሰው ከአንድ ርቀት፣ በአንድ ቁመት፣ በአንድ ብርሃን መነሣታቸው ነው። በመታወቂያው ላይ ያለው ፊት ደብዝዞ በኬላ ላይ የሚመለሰው ፎቶግራፍ አንሺው አይደለም።

ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሆነው ከባዱ መቆሚያ ነው። አንድ ጊዜ ይተከላል፤ እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ በኖራ ይመለከታል፤ ሰው ቢያደናቅፈው እንኳ ወደ ምልክቱ ይመለሳል። ቁመቱ የሚለወጠው ሕፃንና ሽማግሌ በተለዋወጡ ቍጥር ስለሆነ፣ ሁለት ምላስ ብቻ ከፍቶ የሚዘጋ ሠራተኛ አራት ከሚከፍተው ይልቅ ቶሎ ይጨርሳል፤ በቀኑ መጨረሻ ልዩነቱ በጣቶቹ ላይ ይታወቀዋል። አዲሱ መቆሚያ ደግሞ የካሜራውን ራስ የሚያጠብቀው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ቀለበቱ ሲላላ ካሜራው ወደ ጎንም ወደ ታችም በአንድነት ይዞራል፤ ወደ ጎን ብቻ ለማዞር የተለየ ማጥበቂያ የለውም። ለመንገደኛ ይህ ፍጥነት ነው፤ ለመዝገብ ቤት ግን ሥራን በየጊዜው እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ስለዚህ ብቻውን የሚዞር፣ በሕዝብ መኪና የሚሄድ፣ የእህል ናሙናና መጋዘን የሚያነሣ ነጋዴ የአሉሚንዮሙን ቀጭን መቆሚያ ቢገዛ ገንዘቡን አላጠፋም፤ ሹሉን ጫማ ግን አብሮ ይግዛ። የራሱ መኪና ያለው መሥሪያ ቤት በክብደት ምክንያት ቀጭኑን የሚመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ክብደቱን የሚሸከመው መኪናው ነው፤ ጭቃውን የሚሸከመው ግን መቆሚያው ነው።

አስመጥቶ ለሚሸጥ ነጋዴ ጥቂት ቃል ልጨምር። አሜሪካ ያለ ኩባንያ የሚሰጠው ዋስትና ለገዳሪፍ ወይም ለተሰነይ ገዢ ከተስፋ ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ዕቃው ተመልሶ ተጠግኖ እስኪመጣ አንድ የሰሊጥ ወቅት ያልፋል። ስለዚህ ከመቆሚያዎቹ ጋራ ትርፍ ብሎኖች፣ ትርፍ የጎማ ጫማዎችና ካሜራው ላይ የሚታሰሩ ትርፍ ሰሌዳዎች ማስመጣት ያስፈልጋል፤ በተለይ ሰሌዳው ከጠፋ ሙሉው መቆሚያ ሥራ ፈት ነው። ገዢውም ከሱቁ ሳይወጣ ምላሶቹን እንዴት እንደሚያጠብቅ በፊቱ ይሠራለት። ማታ ሲመለስ እግሮቹን ጭቃው ሳይደርቅ በውሃ ያጥባቸው፤ ዋልካ ከደረቀ በኋላ የሚለቀቀው እንደ ጡብ ተፍቆ ነው። ዘይት አይቀባቸው፤ አቧራ መጥራት ነው። ማጥበቂያውን ብሩጎላ፣ ማለት ባለ ስድስት ማዕዘኑን ቁልፍ፣ ቢጥል ከብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ልኩን አያጣም። የጎማው ጫማ ግን በጭቃው ውስጥ ተነቅሎ የቀረ እንደሆነ፣ ትርፍ እስካልገዛ ድረስ ተንበርክኮ በእጁ እየዳሰሰ መፈለግ ነው።